401 ሲላችሁ ቁልፍ ለመቀየር አትቸኩሉ

ሥራው ሲነገረኝ የግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ መንገደኛና ጎብኚ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ አንድ የጀልባ ማኅበር አለ። ማታ ማታ የነገው መነሻ ሰዓት፣ መድረሻና ባዶ ወንበር ሰንጠረዥ ላይ ይሞላል። አንድ በፓይተን የተጻፈ ስክሪፕት፣ አጭር ፕሮግራም ማለት ነው፣ ንጋት ላይ ሰንጠረዡን አንብቦ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ፔጅና በኤክስ ፖስት ያደርጋል። በቃ ይኸው ነው። መልእክቱን የሚያዘጋጀው ኮድ በእርግጥም በግማሽ ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት የበላው ግን መድረኮቹ «ማን ነህ?» ብለው ሲጠይቁ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ነበር።

ትልቁን ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። ስህተት በመጣ ቁጥር ወደ መድረኩ መቆጣጠሪያ ገጽ ገብቼ አዲስ ቁልፍ (ስክሪፕቱ ማንነቱን የሚያሳይበት ምስጢራዊ ኮድ) አወጣ ነበር። ቴሌግራምና ኤክስ ላይ አዲስ ቁልፍ ሲወጣ አሮጌው ወዲያው ይሞታል። ስክሪፕቱ ደግሞ በእኔ ላፕቶፕ፣ በማኅበሩ ቢሮ ኮምፒውተርና በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነበር። አንዱ ጋ አዲሱን አስገብቼ ሌላው ጋ ስረሳ፣ ትናንት የሚሠራው ዛሬ ይቆማል። በሳምንቱ መጨረሻ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ስህተት ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሏል። ቁልፍ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ ከታች እመጣበታለሁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀየር ቁልፍ ግን ማስረጃን ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ሎጉ ላይ ነው፣ ስክሪፕቱ የገጠመውን የሚመዘግብበት ፋይል ላይ። ስክሪፕቱ «401» ብሎ ቁጥሩን ብቻ እየጻፈ ከቁጥሩ ጋር የመጣውን መልእክት ይጥለው ነበር። ቁጥሩ በር ላይ ያለ ጥበቃ ነው፦ 401 ሲል «መታወቂያህን አላመንኩትም»፣ 403 ሲል «መታወቂያህ ደህና ነው፣ ግን እዚህ ክፍል አትገባም»፣ 429 ሲል «በጣም ደጋገምከው፣ ትንሽ ቆይ» ማለቱ ነው። ለምን እንዳላመነው የሚናገረው ግን ከቁጥሩ ስር ያለው ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም መድረክ የራሱን ዝርዝር ቁጥርና ማብራሪያ እዚያ ያስቀምጣል። ፌስቡክ ጭራሽ ዕድሜው ያለፈ ቶክንን (ቶክን መድረኩ የሚሰጠው ቁልፍ ነው) በ400፣ «ጥያቄህ የተበላሸ ነው» በሚለው ቁጥር ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ጥያቄውን አበላሽቼ ላክሁ ብሎ ኮዱን ማገላበጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሎጉ አራት ነገር ይጻፍላችሁ፦ የመልሱ ቁጥር፣ ሙሉው የመልስ ጽሑፍ፣ በመልሱ ሄደር (ከመልሱ ፊት በሚመጣው መግለጫ) ላይ ያለው ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም የተላከው ቶክን ርዝመትና የመጨረሻ አራት ፊደላት። ሙሉ ቶክን ሎግ ላይ አይጻፍም።

የጀመርኩት ከቴሌግራም ነው፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ቦትፋዘር፣ ቴሌግራም ውስጥ ቦት (በፕሮግራም የሚሠራ አካውንት) የሚፈጠርበት፣ የሚሰጠው ቶክን መጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር። ስክሪፕቱ ጥያቄ በሚልክበት አድራሻ ላይ «ቦት» (bot) የሚለው ቃል ይቀድምና ቶክኑ ያለ ክፍተት ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ስላሽና የትእዛዙ ስም ይመጣል። «ቦት» የሚለውን ረስታችሁ ቶክኑን ብቻ ካስገባችሁ የሚመጣው 401 ሳይሆን 404 ነው፣ «አልተገኘም» ይላል። ሰው ደግሞ 404 ሲያይ አድራሻው የተቀየረ ይመስለዋል። የቁልፉን ጤና ለማወቅ መልእክት መላክ አያስፈልግም፤ «ጌትሚ» (getMe) የሚባለውን ትእዛዝ በብሮውዘር ብቻ ጥሩት። የቦቱን ስም ከመለሰ ቶክኑ ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ችግር ሁሉ የቁልፍ አይደለም። ቦቱ ቻናሉ ላይ አድሚን ካልሆነ ቁልፉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ፖስት አያደርግም። የቻናሉ መለያ ቁጥር ደግሞ በ-100 ይጀምራል፤ የመቀነስ ምልክቱን የጣለ ሰው «ቻቱ አልተገኘም» ይባላል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ቀን ያባከነብኝ ነገር በዓይን የማይታይ ነው። ቢሮው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው የሚውለው። ቶክኑን ከስልክ እያነበቡ ሲጽፉት፣ ቁጥሩ አልቆ ሁለት ነጥቡ ጋ ሲደረስ ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ ሳይመለስ ሁለት ነጥቡ ተነካ። የወጣው የኮምፒውተሩ «:» ሳይሆን የእኛው «፡» ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው፤ በትንሽ ፎንት ስክሪን ላይ ልዩነታቸው አይታይም፣ ለሰርቨሩ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። ቶክን በእጅ አይጻፍም፣ ይገለበጣል። መገልበጥም የራሱ ጣጣ አለው፦ ወርድ ውስጥ ካለፈ ጥቅሱ ቀጥታ መሆኑ ቀርቶ የተጠማዘዘ ይሆናል፤ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ የተጻፈ ፋይል ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲሄድ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ የማይታይ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ሎጉ ላይ የቶክኑ ርዝመት ይጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። ላፕቶፑ ላይ 46 ብሎ ሰርቨሩ ላይ 47 ካለ፣ ትርፏ አንዷ ያቺ ናት። ከፋይል የሚነበብ ቁልፍ ሁሉ ከፊትና ከኋላው ያለው ባዶ ቦታ በኮድ ይከርከም፤ አንድ ቃል መጨመር ነው፣ ብዙ ሌሊት ያተርፋል።

ቁልፍ በእርግጥ መቀየር ያለበት አንድ ጊዜ እዚሁ ገጠመኝ። የቴሌግራም ቶክን አድራሻው ውስጥ ስለሚገባ፣ ኮኔክሽን ሲቋረጥ ፓይተን የሚያወጣው የስህተት ጽሑፍ ሙሉውን አድራሻ ከነቶክኑ ይይዛል። እኔ ያንን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጬ «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ አንድ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ቶክኑን ያየ ሁሉ በማኅበሩ ስም መጻፍ ይችላል ማለት ነው። መልእክቱን ማጥፋት አይበቃም፤ ወደ ቦትፋዘር ገብቶ «ሪቮክ» (ቶክኑን ሻር) ማለት ነው መፍትሔው፣ በዚያው ደቂቃ። እርዳታ ስትጠይቁ ከምትለጥፉት ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ ቁልፉን በኮከብ ሸፍኑት።

ፌስቡክ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ቶክን የሚባለው አንድ ነገር አይደለም፤ አንዱ ሌላውን የሚወልድ ሰንሰለት ነው፣ የማይሠራውም ሰንሰለቱ መሃል ላይ ሲበጠስ ነው። ግራፍ ኤፒአይ ኤክስፕሎረር በሚባለው የፌስቡክ መሞከሪያ ገጽ ላይ ተነክቶ የሚወጣው የአጭር ጊዜ የተጠቃሚ ቶክን ነው፣ ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ገደማ። ማታ 3 ሰዓት ላይ አውጥቼ ሞከርኩት፣ ፔጁ ላይ ወጣ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ንጋት ላይ «190» ብሎ ቆመ፣ ቶክኑን አልቀበልም ማለቱ ነው። አዲስ አወጣሁ፣ ሠራ፤ በማግስቱ ንጋት እንደገና 190። ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ፤ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው ብዬ ሰርቨሩን ሁሉ እስከመቀየር ደርሼ ነበር።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኤክስፕሎረሩ ላይ የራሳችሁን አፕ (ለስክሪፕቱ ብላችሁ ፌስቡክ ላይ ያስመዘገባችሁትን) መምረጣችሁን አረጋግጡ፣ ከዚያ ሦስት ፈቃድ ጠይቁ፦ የፔጆችን ዝርዝር ማየት፣ የፔጁን እንቅስቃሴ ማንበብና ፔጁ ላይ ፖስት ማድረግ። በስማቸው «ፔጅስ ሾው ሊስት»፣ «ፔጅስ ሪድ ኢንጌጅመንት» እና «ፔጅስ ማኔጅ ፖስትስ» ናቸው። የመግቢያ መስኮቱ ሲመጣ የማኅበሩ ፔጅ ላይ ምልክት መደረጉን እዩ፤ ቸኩሎ «ቀጥል» ያለ ሰው ፔጁን ሳይመርጥ ያልፋል፣ በኋላ የፔጅ ዝርዝር ሲጠይቅ ባዶ ቅንፍ ይመለስለታል፣ ስህተት የሚል ቃል እንኳ አይመጣም። ሁለተኛ፣ የወጣውን አጭር ቶክን ከአፕ መለያ ቁጥሩና ከአፕ ሲክሬቱ (ከአፑ ምስጢራዊ ቁልፍ) ጋር ወደ ቶክን መለወጫው አድራሻ ትልካላችሁ፤ የ60 ቀን ቶክን ይመልሳል፣ በሰከንድ ሲቆጠር 5,184,000 አካባቢ። ሦስተኛ፣ በዚህ ረጅም ቶክን «ሚ አካውንትስ» (me/accounts) የሚባለውን ትጠይቃላችሁ፤ እያንዳንዱ ፔጅ ከነራሱ ቶክን ይመጣል። ስክሪፕቱ ውስጥ የሚገባው ይኸኛው ነው፣ የፔጅ ቶክን፤ ከረጅሙ የተወለደ ከሆነም የማብቂያ ቀን የለውም።

እኔ ያበላሸሁት ቅደም ተከተሉን ነው። የፔጅ ቶክን እንደሚያስፈልግ አንብቤ ነበር፣ ግን ሁለተኛውን ደረጃ ዘልዬ በአጭሩ ቶክን ዝርዝሩን ጠየቅሁ። የፔጅ ቶክን ሰጠኝ፣ ይሠራልም። ግን ከአጭር ቶክን የተወለደ የፔጅ ቶክን አብሮት ይሞታል። ሁለቱ በመልካቸው አይለዩም፣ ሁለቱም ረጃጅም የፊደል ክምር ናቸው። የሚለያቸው የፌስቡክ የራሱ የቶክን መመርመሪያ ነው፣ «አክሰስ ቶክን ዲበገር» ይባላል። ቶክኑን ለጥፋችሁ ስትመረምሩት ዓይነቱን፣ የየትኛው አፕ እንደሆነ፣ የያዛቸውን ፈቃዶችና መቼ እንደሚያበቃ ይነግራችኋል። ዓይነት «ፔጅ»፣ ማብቂያ «ኔቨር» እስኪል ድረስ ስክሪፕቱ ውስጥ አታስገቡት። «ዩዘር» ካለ የተሳሳተውን ነው የገለበጣችሁት።

የማብቂያ ቀን የለውም ማለት አይሞትም ማለት ግን አይደለም። 190 ሲመጣ ከስሩ ያለውን ንዑስ ቁጥር አንብቡ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። 463 ካለ ዕድሜው አልቋል። 460 ካለ ቶክኑን ያወጣው ሰው የይለፍ ቃሉን ቀይሯል። 458 ካለ ያ ሰው አፑን ከአካውንቱ ላይ አስወግዶታል። እኛ ጋ የመጣው 460 ነበር፤ ፔጁን የሚያስተዳድረው ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ የይለፍ ቃል ቀየረ፣ ጀልባዎቹ ለሁለት ቀን ከፔጁ ላይ ጠፉ። ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም፤ የእሱ የይለፍ ቃልና የንጋቱ ፖስት በአንድ ክር መታሰራቸውን ማንም አልነገረውም። አሁን ቢሮው ግድግዳ ላይ «የፌስቡክ የይለፍ ቃል ከመቀየሩ በፊት ይደወል» የሚል ወረቀት አለ።

የ60 ቀኑን ቶክን እንዳለ ለምትጠቀሙ ደግሞ፣ በእኛ አቆጣጠር መያዝ ይቀላል። ወራችን ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ጥቅምት 5 የወጣ ቶክን ታኅሣሥ 5 ላይ ያበቃል። ጳጉሜን መሃል ከገባች ግን አትሳሳቱ፤ ነሐሴ 5 የወጣው ጥቅምት 5 አይደርስም፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 30 ላይ ያበቃል።

የፌስቡክ አፑ «ዴቨሎፕመንት» (ሙከራ) ላይ እያለ የሚሆነውን ደግሞ ብዙ ሰው የቁልፍ ችግር ያደርገዋል። ፖስቱ ይሄዳል፣ መለያ ቁጥር ይመለሳል፣ እናንተም ፔጁ ላይ ታዩታላችሁ፤ ደንበኛው ግን አያየውም። አፑ ላይ ሚና ያለው ሰው ብቻ ነው የሚያየው። «ላይቭ» አድርጉት፣ ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ፈትሹ።

ኤክስ ላይ የሄድኩበት መንገድ በአራት ቁልፍ የሚፈረመው ነው፦ ሁለት የአፑ፣ ሁለት የአካውንቱ። እዚያው ገጽ ላይ «ቤረር ቶክን» የሚባል አምስተኛ ነገር አለ፤ በእሱ ማንበብ እንጂ ፖስት ማድረግ አይቻልም፣ የሚመልሰውም 403 ነው። አፑ ሲፈጠር ፈቃዱ «ሪድ» ብቻ ሆኖ ነው የሚመጣው። ወደ «ሪድ ኤንድ ራይት» ቀይሬ ሞከርኩ፣ ያው 403። ምክንያቱን ሳውቀው ሳቄ መጣ፦ ፈቃዱ ቶክኑ በወጣበት ሰዓት ከቶክኑ ጋር ይታተማል፣ በኋላ አፑ ላይ ቢቀየር አሮጌው ቶክን አያውቅም። እንግዲህ ቁልፍ ያለአግባብ ስቀያይር የከረምኩ ሰው፣ መቀየር የነበረብኝ ጊዜ ላይ ሳልቀይር ቀረሁ። ፈቃድ ካስተካከላችሁ በኋላ የአካውንቱን ሁለት ቁልፎች እንደገና አውጡ፤ ከስራቸው በምን ፈቃድ እንደወጡ ተጽፎ ታገኛላችሁ። 403 ሆኖ ንዑስ ቁጥሩ 453 ከሆነ ግን ጉዳዩ የተመዘገባችሁበት የአገልግሎት ደረጃ ነው፣ ቁልፍና ፈቃድ አትነካኩ።

ፊርማውን በራሴ ኮድ ለመሥራት መሞከሬም አላስፈላጊ ጀግንነት ነበር። ፊርማው ጥያቄውን፣ ሰዓቱንና አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቁጥርን አንድ ላይ አድርጎ በምስጢሩ ቁልፍ ያትማል፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች «ኩድ ኖት ኦተንቲኬት ዩ» ብሎ በቁጥር 32 ይመልሳል፣ የቱ ጋ እንደተዛነፈ አይናገርም። ፖስቱ በጄሰን፣ በተለመደው የመረጃ መላኪያ ቅርጽ፣ ሲሄድ ጽሑፉ ፊርማው ውስጥ አይገባም፤ እኔ አስገብቼው ነበር። አድራሻው ላይ የሚጻፍ መፈለጊያ ቃል ግን ይገባል፣ አማርኛ ሲሆን ደግሞ ጉዱ ይበዛል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ነው፣ እያንዳንዱ ባይት ለአድራሻ ሲቀየር ከፐርሰንት ምልክቱ ጋር 3 ቦታ ይይዛል። «ባሕር ዳር» የምትለው ቃል 5 ፊደልና 1 ክፍተት ስትሆን ወጥታ 48 ቦታ ትይዛለች። ክፍተቷ «ፐርሰንት 20» መሆን አለባት፤ ብዙ መሣሪያ ግን የመደመር ምልክት ያደርጋታል፣ ፊርማውም በዚያች ምክንያት ይበላሻል። ባንድ ቃል ሞክሮ «ይሠራል» ያለ ሰው በሁለት ቃል ሲወድቅ ምክንያቱ ይኸው ነው። ትዊፒን ወይም ሪኩዌስትስ ኦኦትሊብን፣ ዝግጁ የፓይተን ኮዶችን፣ ተጠቀሙ፤ ይህን ሁሉ አስበውበታል።

አሁን ወደ ዋናው። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ከላፕቶፔ ኤክስ ይሠራል፣ ከማኅበሩ ቢሮ ኮምፒውተር አይሠራም። ኮዱ አንድ ነው፣ ቁልፎቹ አንድ ናቸው፣ ርዝመታቸውም የመጨረሻ አራት ፊደላቸውም አንድ ነው። ከዚያው ኮምፒውተር ቴሌግራምና ፌስቡክ ያለ ችግር ይሄዳሉ። ብሮውዘሩም ምንም አላለም። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ በመሃልም ልማዴ አሸንፎኝ ቁልፍ ቀየርኩ። በመጨረሻ ያዳነኝ ሎጉ ላይ የጨመርኩት የመልሱ ሄደር ሰዓት ነው። ማንኛውም ሰርቨር መልስ ሲሰጥ የራሱን ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ይጽፋል። የኤክስ መልስ 05:12 ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ በግሪንዊች 23:12 ነው ብሎ ያምናል፣ ያውም የትናንቱን። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት። 6 ሰዓት ደግሞ አገራችን ውስጥ ትርጉሙ አንድ ነው።

ቲኬት የሚቆርጡትን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ የዚህን ኮምፒውተር ሰዓት የነካ ሰው አለ?»

«እኔ ነኛ፣ ልጄ! ጀልባው በ2 ሰዓት ይነሳል እላለሁ፣ እሱ 8 ይለኛል። ሰው ሁሉ ይደናገር ነበር፣ አስተካከልኩት።»

እየተመለሰ ሲያስቸግራቸው ደግሞ አንድ ወጣት ሰዓቱ በራሱ እንዳይስተካከል ዘግቶላቸዋል። ሰዓቱ ላይ ከጠዋቱ 2፡12 ይላል፤ በሐበሻ አቆጣጠር ፍጹም ትክክል ነው።

ለምን ኤክስ ብቻ እንደተቸገረ ልብ በሉ፣ ሌላ ቦታም ይጠቅማችኋል። ቴሌግራምና ፌስቡክ የሚያዩት ቶክኑን ነው፤ ሰዓቱን የሚቆጥሩት በራሳቸው ሰርቨር ስለሆነ የእናንተ ኮምፒውተር ስንት ሰዓት ቢል ግድ የላቸውም። የኤክስ ፊርማ ግን ውስጡ የእናንተን ሰዓት ይዟል። ዛሬ የፈረማችሁት ጥያቄ ከሰዓታት በፊት የተፈረመ ከመሰለው፣ ሰው ሰርቆ ያቆየው ጥያቄ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጥለዋል። አንዳንዴ 135 ብሎ ሰዓቱ ከወሰን ውጭ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፣ አንዳንዴ ግን 32 ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ዝም ያለው ደግሞ የድረ ገጾች ሰርተፊኬት (የማንነት ማስረጃ) ዕድሜ በሳምንታትና በወራት ስለሚቆጠር ነው፤ የ6 ሰዓት ስህተት አያስነሳውም። ስለዚህ አንዱ መድረክ ሲሠራ ሌላው ካልሠራ፣ የሚፈረመው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ሰዓቱን እዩ።

ይህንኑ ችግር በሌላ መልኩ ሌላ ቢሮ ላይ አግኝቼዋለሁ። ዊንዶውስ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው የአሜሪካ ፓስፊክ ሆኖ ይቀራል፤ የጫነው ሰው ቀጠናውን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ በእጁ ያስተካክላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ከግድግዳው ጋር አንድ ነው፣ ውስጡ ግን 11 ሰዓት ወደፊት ሄዷል፣ በእነሱ በጋ ደግሞ 10። ይኸኛው ይብሳል፣ በዓይን አይገኝም። ቀጠናውን ናይሮቢ ያለበት ላይ አድርጉት፣ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው። ሊኑክስ ላይ አፍሪካ ስር አዲስ አበባን ምረጡ። ከዚያ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ክፈቱት። ካልተስተካከለ የቢሮው ራውተር ዩዲፒ 123ን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ሰዓት የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ የሚሄድ ዴስክቶፕ ካላችሁ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች፤ ያኔ ብሮውዘሩም ስለ ሰርተፊኬት ስለሚጮህ ቶሎ ይታወቃል።

ለሽማግሌው የግድግዳ ሰዓት ገዛን፤ በሐበሻ ሰዓት ተሞልቶ ከኮምፒውተሩ በላይ ተሰቀለ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ ደግሞ ፕላስተር ተለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

የቀረው ነገር በኦኦት 2፣ ከአራቱ ቁልፎች ፊርማ ይልቅ በሎጊን ቶክን በሚሰጠው መንገድ፣ ለምትሄዱ ነው፣ እኔም በኋላ ወደዚያ ስለተዛወርኩ። ኤክስ ላይ የሚሰጠው አክሰስ ቶክን 2 ሰዓት ብቻ ይኖራል። «ኦፍላይን አክሰስ» የሚለውን ፈቃድ አብራችሁ ካልጠየቃችሁ ማደሻው፣ ሪፍሬሽ ቶክኑ፣ ጨርሶ አይመጣም፤ በየሁለት ሰዓቱ ሰው ገብቶ ሎጊን ማድረግ አለበት። የመመለሻ አድራሻው (ከሎጊን በኋላ ኮዱ የሚላክበት) መቆጣጠሪያ ገጹ ላይ ካስመዘገባችሁት ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ስላሽ ትጥለዋለች፣ «ሎካልሆስት» ብላችሁ አስመዝግባችሁ 127.0.0.1 ብላችሁ ብትልኩም እንዲሁ፣ ሁለቱም ያው የራሳችሁ ኮምፒውተር ቢሆኑም። ከሎጊኑ በኋላ የሚመጣው ኮድ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልተለወጠ ይሞታል። ስለዚህ በእጅ እየገለበጡ መሞከር አያዋጣም፣ ሲመጣ ወዲያው የሚቀበለው ኮድ ይኑራችሁ።

ሪፍሬሽ ቶክኑ አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሲታደስ አዲስ ይመጣል፣ አሮጌው ይሞታል። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። አንዱ፣ ስክሪፕቱ ሰርቨሩ ላይም ላፕቶፔ ላይም ሲሄድ ነው፤ ቀድሞ ያደሰው አዲሱን ወሰደ፣ ሌላው በእጁ የቀረው የሞተ ነው። ማደስ የአንድ ማሽን ሥራ ይሁን፣ ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ። ሁለተኛው የመብራት ነው፦ አዲሱ ቶክን መጥቶ ፋይል ላይ ሳይጻፍ መብራት ጠፋ። አሮጌው ሞቷል፣ አዲሱ የትም የለም። አሁን ስክሪፕቱ የመጣውን ቶክን ሌላ ነገር ሳይሠራ መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ መጻፉ ሲያልቅ ስሙን ወደ ዋናው ፋይል ይቀይራል፤ በመሃል ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል አይቀርም። ፋይሉን የሚያነበው ባለቤቱ ብቻ እንዲሆን ፈቃዱ 600 ይደረግ፣ የኮዱ ማስቀመጫ ጊት ውስጥም አይግባ።

401 ሲመጣ ስክሪፕቱ ደጋግሞ እንዳይሞክር አድርጉት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም 429 ሲመጣ ጠብቆ መድገም ያዋጣል፤ ያልታመነ ቁልፍ ግን አሥር ጊዜ ቢላክም አይታመንም፣ ጥያቄ ብቻ ያባክናል። የእኛው ስክሪፕት አንዴ ለማደስ ይሞክራል፣ ካልሆነ ይቆምና በቴሌግራም ለእኔ ይጽፍልኛል። የሞተው የቴሌግራሙ ቁልፍ ከሆነ ደግሞ ምንም አይደርሰኝም። ለዚህ ሲባል ስክሪፕቱ በየንጋቱ ከፖስቱ አስቀድሞ የሦስቱንም ቁልፍ ጤና ይጠይቅና አንድ መስመር ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፤ ጋሼ ቲኬት መቁረጥ ከመጀመራቸው በፊት እሷን መስመር ያዩና ሦስት «ደህና» ካላገኙ ይደውሉልኛል።